ደጀኔ በታፔላ ያገኘው ቅድመ አያት

ካርታውን አስቀምጡት እስቲ። ለቀስተኛ ናችሁ ወይስ ቁማርተኛ? ዛሬ ሰው ቀብረን መጥተን እናንተ ጆከር ትቆጥራላችሁ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ ጋዙ እስኪነጋ ይበቃናል ብላችሁ ከሆነ አይበቃንም። ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚያንኮራፋ ካለ ጎኑን ጎሸም አድርጉልኝ፤ ለሚያንኮራፋ ሰው አልተርክም።

ይኼ ወሬ ትዝ ያለኝ ቅድም እዚያ ጥግ አንዱ ስለ አያቱ ጀግንነት ሲደሰኩር ሰምቼ ነው። ስሙን አልጠራም። እሱ ራሱን ያውቃል።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ፀሐይ ገብታለች። ጨረቃ አልወጣችም፣ አትወጣምም። መንገዱ ቀጭን ነው፤ በግራ እንሰት፣ በቀኝ ገደል። ገደሉ ሥር ወንዝ አለ፤ ድምፁ ይሰማል፣ ውሃው አይታይም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? ደጀኔ ነዋ! ደጀኔ ዘበርጋ። ሌላ ማን በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ይሄዳል? አገሬው ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ በዚያ በኩል አያልፍም። ደጀኔ ግን የተማረ ነው። የተማረ ሰው አይፈራም አሉ። እናያለን።

ድሮ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ልጆቻቸው አሉ፣ እዚህ ድንኳን ውስጥም አይጠፉም። ደቡብ ነው፣ እንሰት የሚበላበት አገር፣ ይብቃችሁ። ደጀኔ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ጸሐፊ ነበር። አራተኛ ጸሐፊ አልነበረም። አንዲት ኮት ነበረችው፤ በሐምሌም እሷው፣ በመጋቢትም እሷው። ጥቁር ጥላ ይይዛል፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም። ሲናገር ደግሞ ማንም የማይገባውን ቃል ከመሀል ይሰነቅራል፤ ለምን ብትሉ፣ እንዳይገባቸው።

አባቱ ዘበርጋ ጨው ሻጭ ነበር። ከገበያ ገበያ እየዞረ ጨው የሚሸጥ፣ ሰው የሚወደው፣ ለቸገረው ቆንጥሮ የሚጨምር ደግ ሰው። ከዚህ የተሻለ አባት ከየት ይመጣል? ደጀኔ ግን ያፍርበት ነበር። አባትህ ምን ነበሩ ሲሉት ወዲያ ወዲህ ይመለከትና ወሬ ይለውጣል። እኔ በበኩሌ በአባቱ በሚያፍር ሰው አፍራለሁ።

ይኼ ሰው ታዲያ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሚስት አማረው። ሚስትስ ያምረው፣ ምን ከፋ? ግን የማንን ልጅ? የግራዝማች ተካልኝን! ከወንዙ ማዶ፣ ከደጋው፣ የአገሩ ሁሉ ባላባት የሚፈራቸው ግራዝማች ተካልኝ። አጸደ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ደጀኔ አጸደን አንድ ጊዜ በገበያ ቀን በቅሎ ላይ አይቷታል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፤ ሽማግሌ ላከ።

ግራዝማች ሽማግሌዎቹን አላባረሩም። ጨዋ ሰው ናቸው። ልጁ አባቶቹን እስከ ሰባት ይቁጠርልን አሉ፣ እንደ ወጉ። ማን ከማን እንደሚጋባ፣ ደም የነካው ቤት እንዳይገባ፣ ወጉ ይኼው ነው። ደጀኔም ሊቆጥር ቆመ። ደጀኔ አለ። ዘበርጋ አለ። እርገኖ አለ። ከዚያ ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፣ ውሃ ጠየቀ፣ ውሃ ጠጥቶም ሳለ። አያቱ እርገኖ በክፉ ቀን ከሌላ አገር ተሰድዶ የመጣ ሰው ነበር፤ የአባቱን ስም ለማንም ሳይናገር ሞቷል። ይኼንን መናገር ምን ያሳፍራል? አያቴ ስደተኛ ነበር፣ ከዚያ በላይ አላውቅም ቢል ግራዝማች ይገድሉት ነበር? አላለም። አባቶቼ በጽሑፍ ነው ያሉት፣ መዝገቡን አገላብጬ አመጣለሁ አለ። ግራዝማችም ከመስቀል በኋላ እስካለው ሦስተኛ እሑድ ቀን ሰጡት።

በዚያው ሰሞን ከበላይ ትዕዛዝ መጣ። በአገሩ ያለ የጥንት ድንጋይ ሁሉ ይመዝገብ፣ የማን መታሰቢያ እንደሆነ ከአገር ሽማግሌ ተጠይቆ ይጻፍ፣ ታፔላም ይተከልበት የሚል። ማን ተላከ? ሦስተኛው ጸሐፊ ተላከ። እሱም ጥላውን ይዞ ሄደ።

እዚያ መንደር በላይ በኩል ድንጋዮች ቆመዋል። ትክል ድንጋይ ነው፣ የድሮ ሰዎች መቃብር። በየድንጋዩ ጎራዴ ተቀርጾበታል፤ የሁሉም ጎራዴ ጫፉ ወደ መሬት ነው። ሰውየው ጎራዴውን አስቀምጦ አረፈ ለማለት ነው። አንድ ድንጋይ ብቻ ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለብቻው ቆሟል። ከሁሉም ይረዝማል። የሱ ጎራዴ ጫፉ ወደ ሰማይ ነው። አገሬው በዚያ ሲያልፍ ጋቢውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ወደ እንሰቱ ያዞራል። ሕፃንም አዋቂም ያዞራል።

ድንጋዮቹ አጠገብ እማማ ኡርጌ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። የእያንዳንዱን ድንጋይ ባለቤት የሚያውቁ እሳቸው ናቸው፤ ከእናታቸው፣ እናታቸውም ከእናታቸው የሰሙት። ደጀኔ ደጃቸው ቆሞ ውሃ ለመነ፤ ሰጡት። የመጣህበትን ሰምቻለሁ ልጄ፣ ቁጭ በልና የማን የማን እንደሆኑ ልንገርህ አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? ግድ የለም፣ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ አላቸው። የትኛው መጽሐፍ? ስለነዚያ ድንጋዮች የተጻፈ መጽሐፍ በምድር ላይ አልነበረም!

ውሃውን ጠጥቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ። ያንን ረጅም ድንጋይ አየ። ጎራዴውን አየ፣ ወደ ሰማይ የተመዘዘ። በዚያ ያለፉ ሁለት ሴቶች ፊታቸውን ሲያዞሩ አየ። አሃ፣ አለ በልቡ፤ ከክብሩ የተነሣ ቀና ብለው አያዩትም። ጀግና ነው ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ጀግና። ይኼኔ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እሱ አያት ይፈልጋል፤ ይኸው አንድ አያት ያለ ልጅ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ የሠራው ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። የሌሎቹን ድንጋዮች ታሪክ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨረሰው። ይኼኛው የንጉሥ፣ ያኛው የንግሥት፣ ያኛው ደግሞ የማይታወቅ። የረጅሙን ግን ሁለት ቀን ተጨነቀበት። ታፔላ የሚጽፈው ሰውዬ ቦታው አይበቃም ቢለው አሳንሰህ ጻፍ አለው። እንዲህ ይላል፦

«ጀግናው ፊታውራሪ አመርጋ፣ አባ መብረቅ፣ ያረፉበት ታሪካዊ ስፍራ። የአቶ ደጀኔ ዘበርጋ ቅድመ አያት።»

አመርጋ የሚባል ፊታውራሪ በዚያ አገር አልነበረም። አባ መብረቅ የሚባል ፈረስም አልነበረም። ታፔላው ግን ነበረ፤ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፣ በሁለት የብረት እግር ቆሞ፣ ከላይ የመንግሥት ማኅተም ተስሎበት። መንደርተኛው ሲተከል ቆሞ አየ። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ነበረና ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድም ሰው ምንም አላለም። ደጀኔ ይኼንንም ክብር ነው ብሎ ተረጎመው። እንዴት ያለ ደንቆሮ ነው!

አሁን ወደዚያ መንገድ እንመለስ። ታፔላውን አስተክሎ ወደ ከተማ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ምሽት ነው። እያፏጨ ይሄዳል። ኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ። ኮቴውም ቆመ፤ ግን አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የቆመው። ሄደ። ኮቴውም ሄደ። ቆመ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ዝም። ደጀኔ ዞሮ ተመለከተ። ምንም የለም። የገዛ ጫማዬ ድምፅ ገደሉን መትቶ ሲመለስ ነው አለ። የተማረ ነው አላልኳችሁም? ማፏጨቱን ግን ተወ።

በሦስተኛው ቀን ታፔላውን አይቶ ሲመለስ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ኮቴው መጣ። ዛሬ ደግሞ ቀረበ። ውሃም ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፣ ከረጠበ ጋቢ እንደሚንጠባጠብ። ከዚያ ከኋላው አንድ ድምፅ በትሕትና ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ እዚያ ድንጋይ ሥር ያለው ሰው ዘመድዎ ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ። እኔም እሮጣለሁ፣ በዚህ ጉልበቴም ቢሆን። ደጀኔ ግን «ጌታዬ» መባሉን ሰማ። በሕይወቱ ጌታዬ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፀጉሩ እንደቆመ፣ ዞሮ እንኳ ሳያይ ኮቱን አስተካከለና አዎን፣ ቅድመ አያቴ ናቸው አለ። ፍርሃት እንኳ ያላስለቀቀው ጉራ!

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ድምፁ። «ስንት ዘመን ዘመዱን ስፈልግ ኖሬያለሁ።»

ከዚያ ዝም። ጠብታውም ዝም አለ። ደጀኔ ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቀውም።

በማግስቱ ምሽት በር ዘግቶ ተቀመጠ። ውሻው አልጋ ሥር ገባ፤ ቢጠሩት አይወጣም። ደጀኔ በመስኮቱ ቀዳዳ አየ። ከአጥሩ ውጪ አንድ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ጋቢውን አየ፣ ረጥቦ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ቀጥሎ እግሩን አየ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ሳይዘንብ። ቀጥሎ እጁን አየ። በግራ እጁ ጭንቅላቱን ደግፎ ይዞታል፣ ሰው እንስራ እንደሚደግፍ። ለምን ይደግፈዋል? አትጠይቁኝ፤ ደጀኔም አልጠየቀም። ሰውየው የማንንም በር አላንኳኳም፣ አልገባም። ቆሞ እየጠበቀ አደረ። ሲነጋ እዚያ ቦታ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር።

ያን ጊዜ የት ሮጠ? መጽሐፉን ሊያገላብጥ? ወደ እማማ ኡርጌ ሮጠ። ደጃቸው ላይ ወደቀ። እማማ ኡርጌ እንሰት እየፋቁ ነበር፤ ሥራቸውንም አላቆሙ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እስኪጨርስ ሰሙትና አሁን ቁጭ በል አሉት። ያን ቀን እንድትቀመጥ ለምኜህ ነበር አሉት።

የነገሩት ይኼንን ነው። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን አንድ መንገደኛ መሽቶበት ወደዚህ መንደር መጣ። አንድ ሰው አሳደረው። እግሩን አጠበው፣ አበላው፣ መደቡን ለቀቀለት። ሲነጋ ልሸኝህ ብሎ አብሮት ወጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከኋላው አንገቱን በጎራዴ መታው፤ ለበቅሎው ሲል ነው፣ ለአንዲት በቅሎ። ሬሳውንም ወደ ገደሉ ጣለው። በአገሩ ወግ እንግዳ የገደለ ሰው ዘመዶች የሟቹን ሬሳ በትከሻቸው ተሸክመው አውጥተው፣ አልቅሰው፣ ይቀብራሉ። የነፍሰ ገዳዩ ዘመዶች ግን ገደል መውረዱን ፈሩ። ቅርንጫፍ ቆርጠው ወረወሩና እንዲህ ያለ ሰው የኛ አይደለም ብለው ካዱት። ዘመድ የሌለው ገዳይ ተሸካሚ የለውም። የተገደለው እንደወደቀ ቀረ። ገዳዩ በኋላ ሲሞት መንደሩ ለብቻው ቀበረው፣ ጎራዴውንም ወደ ሰማይ ቀረጸበት፤ ያልተቀመጠ ጎራዴ ነው፣ ያላለቀ ነገር ነው ለማለት። አላፊ አግዳሚው የሚያዞረው ፊት የጥላቻ ነው እንጂ የክብር አይደለም።

እዩት እንግዲህ። ድንጋዩ ራሱ ታፔላ ነበር። ማንበብ ለሚችል ተጽፎበታል። ደጀኔ ማንበብ አልቻለማ!

አሁን የኔ ነው አልክ፣ አሉት እማማ ኡርጌ። የኔ ነው ያለ ሰው ሬሳውንም የኔ ነው አለ ማለት ነው። የተገደለው ሰውዬ ቀንቶታል፣ ተሸካሚ አግኝቷል። ደጀኔ እግራቸው ላይ ወድቆ ታዲያ መንደሩ ለምን ዝም አለኝ ብሎ አለቀሰ። እሳቸውም ሳይደብቁ ነገሩት። ስንት ዘመን ፊታችንን ስናዞር ኖረን ወሳጅ ሲገኝ ለምን እንከልክለው አሉ።

መድኃኒቱንም ነገሩት፤ ክፉ ሴት አይደሉም። በቀን ብርሃን፣ ሰው ባለበት፣ ታፔላውን በገዛ እጅህ ንቀል። ከዚያም ጮክ ብለህ ተናገር። ዋሽቻለሁ፣ እኔ የጨው ሻጩ የዘበርጋ ልጅ ነኝ፣ ይኼንን ሰው አላውቀውም በል። ያኔ ይለቅሃል።

ቀላል ነው አይደል? አንድ ታፔላ መንቀል፣ አንድ እውነት መናገር። ግን እሑድ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እሑድ ግራዝማች ተካልኝ ታፔላውን ሊያዩ ይመጣሉ። ዛሬ ከነቀለው አጸደ የለችም። ደጀኔ አሰበ፤ አሰላሰለ፤ እሑድን ካሳለፍኩ በኋላ ሰኞ እነቅለዋለሁ አለ። የሞተ ሰው ላይ ቀጠሮ ያስረዝማል! እስከዚያው ምሽት ምሽት በሩን ዘግቶ፣ አልጋ ሥር ከውሻው ጋር ተኛ። ፊታውራሪው የልጅ ልጅ ልጃቸውን እንዲህ ሆኖ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? ፊታውራሪ የሉም እንጂ።

እሑድ ደረሰ። ግራዝማች ከአራት ሽማግሌ ጋር በበቅሎ መጡ። ከማዶ ስለሆኑ የድንጋዩን ነገር አያውቁም። ማንበብም አይችሉም፤ ማኅተሙን ግን ያውቁታል። ደጀኔ ታፔላውን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። በሁለተኛው ጊዜ «ጀግናው» የሚለውን ሦስት ቦታ ጨመረበት። ግራዝማችም መልካም፣ እንግዲህ እጅህን ድንጋዩ ላይ ጭነህ ቁጠር አሉት።

ደጀኔ እጁን ጫነ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ረጥቧልም። ደጀኔ አለ። ዘበርጋ አለ። እርገኖ አለ። አመርጋ አለ። አልሳለም። ቀና ሲል ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ከግራሩ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ ያ ሰው ቆሟል። ጭንቅላቱን ደግፎ በጥሞና ያዳምጣል። በየስሙ ራሱን ይነቀንቃል፣ በሁለት እጁ እያነሣ እያስቀመጠ። ደጀኔን ላብ አጠመቀው። እማማ ኡርጌ ከሩቅ እያዩት ነው። አሁን ማቆም ይችላል። አሁን እውነቱን መናገር ይችላል። አመርጋ ብሎ ጎልጃ አለ፣ ዳሞ አለ፣ በረዳ አለ። ሰባት ሞላ። ሽማግሌዎቹ እሰይ አሉ። ግራዝማች ግንባሩን ሳሙት።

በመንደሩ ጭቃ ሹም ቤት በግ ታርዶ ነበር። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። እንግዶቹ የሚያድሩት ከተማ፣ ደጀኔ ቤት ነው። መሸና ጉዞ ተጀመረ። ወጉ አስተናጋጅ ቀድሞ ሄዶ ቤት ይከፍታል፣ እሳት ያነዳል ይላል። ደጀኔ ከነሱ ጋር ቢሄድ ምናለ? የለም፣ የፊታውራሪ ዘር ወግ አያጓድልም። ቀድሞ ሄደ። እነሱ ፋኖስ ይዘው ከኋላ፣ እየተሳሳቁ፣ የግራዝማችን በቅሎ እየሳቡ።

ያው መንገድ። በግራ እንሰት፣ በቀኝ ገደል።

ዛሬ ኮቴ የለም። ኮቴ ስላጣ ደስ አለው፤ ሳይፈልገኝ ቀርቷል መሰለኝ አለ። መታጠፊያውን ዞረ። ሰውየው ከፊቱ ቆሟል።

መንገዱን ሞልቶ ነው የቆመው። ውሃው ከጋቢው ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል። ደጀኔ መጮህ አቃተው። ሰውየው አሁንም በትሕትና ነው የተናገረው።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅዎ። የሌላ ሰው ልጅ ከሆኑ ይለፉ። ከጨው ሻጭ ልጅ ጋር ምንም ነገር የለኝም። ግን ቅድም እንደተናገሩት ጮክ ብለው ይንገሩኝ። የማን ልጅ ነዎት?»

ሰማችሁት? ሙት እንኳ በር ከፈተለት! የዘበርጋ ልጅ ነኝ ማለት ነው፣ ያውም እውነቱን። ደጀኔ አፉን ከፈተ። ሊለው ነበር፤ በእውነት ሊለው ነበር። የአባቱ ስም ከከንፈሩ ደርሶ ነበር።

ይኼኔ ከኋላው የፋኖሱ ብርሃን መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። የሽማግሌዎቹ ሳቅ ቀረበ። የግራዝማች ድምፅም መጣ። «ደጀኔ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ወደ ፊት ሙት፣ ወደ ኋላ አማት። የቱን የፈራ ይመስላችኋል?

«የፊታውራሪ አመርጋ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ!» አለ፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ጌታዬ የለም፣ ትሕትና የለም።

«እንግዲያው ዙር» አለው። «ተሸከመኝ።»

ግራዝማች ሲደርሱ ደጀኔ ጎንበስ ብሎ ቆሞ አገኙት። ምን ሆንክ ቢሉት ምንም አለ። ቀና በል እንጂ ቢሉት አልቻለም። ድካም ነው አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ውሎ። በቅሎዋ ግን አትጠጋም አለች። ጆሮዋን ጣለች፣ አፈገፈገች፣ ሁለት ሰው ቢጎትታት እግሯን ተከለች። ግራዝማች ፋኖሱን ተቀብለው ምን አይታ ነው ብለው ከፍ አደረጉት።

የደጀኔ ጥላ መሬት ላይ ወደቀ። ጎባጣ ጥላ ነው። እግሩ ሁለት ነው። እጁ አራት ነው። አንደኛው እጅ ከላይ አንድ ጭንቅላት ደግፎ ይዟል። ያ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ዞረ፣ ወደ ግራዝማች፣ ወደ ሽማግሌዎቹ።

«እንደምን አመሻችሁ፣ አማቾቼ» አለ።

ፋኖሱ ወደቀ!

...ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ማን ነው የጮኸው? አይ እናንተ። ቅድም «አያቴ አንበሳ ገደለ» ሲል የነበረው ሰው ከወንበሩ ሥር ምን ይሠራል?

ግራዝማች በጨለማ በባዶ እግራቸው ማዶ ደረሱ፤ ጫማቸው በማግስቱ እንሰቱ ውስጥ ተገኘ። አጸደም በዓመቱ አንድ አናጢ አገባች። ስንት አባት ይቆጥራል ብሎ ሽማግሌ ሊጠይቅ ሲል ግራዝማች ራሳቸው ተዉ፣ ማንም እንዳይጠይቅ አሉ።

ደጀኔ? ደጀኔ ሰኞ ጠዋት ታፔላውን ሊነቅል ሄደ። ጎብጦ፣ እያቃሰተ። ጭቃ ሹሙ ከለከሉት። የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ማን ይነቅላል፣ ደብዳቤ አምጣ አሉት። ደብዳቤ ጻፈ። ለማን? ለገዛ ጽሕፈት ቤቱ። መልሱ ከስድስት ወር በኋላ መጣ። የተመዘገበ ታሪክ አይሰረዝም ይላል። ሬሳውን ከገደል አውጥቶ ለመቅበርም ወረደ፣ ስንት ጊዜ ወረደ። አጥንቱን ወንዙ ከወሰደው ቆይቷል። የሚቀበር ነገር የለም፤ የሚሸከሙት ብቻ ነው የቀረው።

ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ ከዚያ በኋላ። ምሽት ምሽት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ያዩት ነበር። አንዳንዴ ወደ ትከሻው ዞሮ ያወራል። የጨው ሻጭ ልጅ ነኝ፣ የዘበርጋ ልጅ ነኝ ይላል። ማን ይሰማዋል? እሑድ አልፏል።

ሰው «ማታ ብቻህን አትሂድ» ይላል። ደጀኔ ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድ ቀንም ብቻውን ሄዶ አያውቅም።